ጓጉንቸሩ የማን ነው?

(ቅዳሜ ማታ በገጻችን በቀጥታ ስርጭት የተደረገው ንግግር ሙሉ ቃል። ኔትወርክ ተቆራርጦባችሁ ሳትሰሙት ለቀራችሁ፣ «በጽሑፍ አውጡልን» ላላችሁን ሁሉ እነሆ።)

 

የዛሬው ጨዋታ እንደ ወትሮው ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሰሞኑ ፖለቲካ አይደለም። እጃችሁ ላይ ስላለው ስልክ ነው። «እኛ እኮ የምንጠቀመው ዋትስአፕ ነው፣ የተቆለፈ ነው፣ ማንም አያየውም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። የደረሰብን ነገር እስኪደርስብን ድረስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ታመመና ለሕክምናው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። ገንዘብ ያዣችን አንዲት እህታችን ነበረች። አምስት ሳንቲም የማትጠፋባት፣ ሁላችንም የምናምናት ልጅ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእሷ ዋትስአፕ መልእክት መጣ፤ «የበፊቱ የባንክ ሒሳብ ችግር ገጥሞታል፣ የዛሬውን በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል። ሦስት ልጆች አስገቡ። አንደኛው ዱባይ ነው ያለው፤ በቀን ሥራ፣ በላቡ ያገኘውን ነው የላከው። ማታ ልጅቷ በተራ ስልክ ስትደውል ጉዱ ወጣ። ለካ ዋትስአፗ ከቀትር ጀምሮ አልከፍት ብሏት ኖሯል። ለካ ጠዋት አንድ ሰው «በስህተት ወደ አንቺ የመጣ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» ብሏት ልካለታለች። ሰውዬው በዚያች ኮድ አካውንቷን በራሱ ስልክ ከፍቶ፣ በእሷ ስም እኛን ሲያነጋግረን ውሏል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዱባይ ያለው ልጅ ስልኩን አሳየኝ። ከዚያች የሌባ መልእክት በላይ አንዲት ትንሽ መስመር አለች። የልጅቷ የደህንነት ኮድ መቀየሩን የምትናገር መስመር። «አይተሃታል?» አልኩት። «አይቻታለሁ፤ ምን እንደሆነች ስለማላውቅ አለፍኳት» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም። ያቺ መስመር ምን ማለት እንደሆነች የነገረው ሰው አልነበረም። ከመካከላችን ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አልነገርኩትም። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ዕዳ መክፈያ ነው በሉት።

እሺ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ።

አዲስ አበባ ያለ ወንድም ሪያድ ላለች እህቱ የምስጢር ደብዳቤ በሳጥን ሊልክላት ፈለገ እንበል። ሳጥኑን ቆልፎ መክፈቻውን አብሮ ቢልከው ምን ይጠቅማል? መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። መክፈቻውን ለብቻው ቢልከውስ? እሱንም መንገድ ላይ አስቀርጸው ያስቀሩታል። የምስጢር ጽሑፍ ከተጀመረ አንስቶ የሰው ልጅ ራስ ምታት ይኸው ነበር፤ መክፈቻውን እንዴት እናድርሰው?

እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ነገሩን የሚገለብጥ ሐሳብ ይዘው መጡ። ሐሳቡ ሲቀልል እንዲህ ነው። ወንድምየው ሳጥኑን በራሱ ጓጉንቸር አይቆልፍ። ይልቅ እህትየው ክፍት የሆነ ጓጉንቸር ከሪያድ ትላክለት። መክፈቻው ግን እሷው ዘንድ ይቅር፤ ከቤቷ አይውጣ። ወንድሟ ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ከትቶ በእሷ ጓጉንቸር ቀጭ ያደርገዋል። አንዴ ከተቆለፈ የቆለፈው ራሱ እንኳ መልሶ ሊከፍተው አይችልም። የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መክፈቻው ያላት እህት።

ይህ ክፍት ጓጉንቸር «ፐብሊክ ኪ» ይባላል፤ ይፋዊ ቁልፍ እንበለው። ለማንም ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ አደባባይ ላይ ቢንጠለጠልም ምንም አይደለም። እህት ጋ የቀረው መክፈቻ ደግሞ «ፕራይቬት ኪ» ነው፤ የግል ቁልፍ። እሱ ከወጣ ጉድ ነው። ዋትስአፕ ስትጽፉ፣ ባንክ ስትገቡ፣ ጂሜይል ስትከፍቱ ከጀርባ የሚሠራው የዚህ ሐሳብ ልጅ ልጅ ነው። ስልካችሁ ሳትነግሩት ጓጉንቸር ሠርቶ ይልካል፣ የሌላውን ጓጉንቸር ይቀበላል። እናንተ የምታዩት አንዲት የቁልፍ ሥዕል ብቻ ነው።

ሸጋ ሐሳብ ነው፣ አይደል? አሁን ቀዳዳውን ላሳያችሁ።

ጓጉንቸሩ ከሪያድ ሲመጣ መልእክተኛ ይዞት ነው የሚመጣው። መልእክተኛው ክፉ ሰው ቢሆንስ? የእህትየውን ጓጉንቸር ኪሱ ይከትና የራሱን ክፍት ጓጉንቸር ለወንድሟ ይሰጠዋል፤ «እህትህ የላከችልህ ይኸውና» ብሎ። ወንድም ምን ያውቃል? ጓጉንቸር ጓጉንቸር ነው። ደብዳቤውን ከትቶ ይቆልፋል። መልእክተኛው ጥግ ይዞ በራሱ መክፈቻ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ሲያሻው አንድ መስመር ይጨምራል፣ አንድ መስመር ይቀንሳል። ከዚያ ኪሱ ያለውን የእህትየውን እውነተኛ ጓጉንቸር አውጥቶ ሳጥኑን መልሶ ይቆልፍና ያደርስላታል። እሷም በመክፈቻዋ ትከፍታለች፤ ከፈተላት! መልሷንም በዚያው መንገድ ትሰጠዋለች።

አያችሁት? ወንድም የተቆለፈ ሳጥን ልኳል። እህት የተቆለፈ ሳጥን ተቀብላለች። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፣ ሳጥኑ አልተፈለቀቀም። ሁለቱም ደህና ነን ብለው ተኝተዋል። በመሃል የተቀመጠው ሰውዬ ግን ሁሉንም አንብቧል።

የኮምፒውተር ሰዎች ይህን «የመሃል ሰው ጥቃት» ይሉታል። ቁም ነገሩን ልድገመው፤ ጽፋችሁ ያዙት። ምስጠራ ደብዳቤህን ለማን እንደቆለፍክለት አይነግርህም፤ መቆለፉን ብቻ ነው የሚነግርህ። «ተቆልፏል ወይ?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግማሹን ነው የጠየቀው። ሌላው ግማሽ «ጓጉንቸሩ የማን ነው?» የሚለው ነው።

ለመሆኑ በእኛ ስልክ ላይ መልእክተኛው ማን ነው? ካፌ ውስጥ በነጻ የምትገናኙበት ዋይፋይ አለ። ኢንተርኔቱን የሚያቀርበው ድርጅት አለ። የመተግበሪያው ባለቤት ሰርቨር አለ፤ የጓደኛችሁን ጓጉንቸር ለእናንተ የሚያቀብላችሁ እሱ ነው። ሁሉም ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ ቢጠለፍ ወይም ቢገደድ እናንተ በምን ታውቃላችሁ? ጥያቄው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ታሪክ ላንሳ። ታሪክ አላወራም ብዬ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም።

ባሻ አውአሎም ሐረጎትን የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ እወቋቸው። የዐድዋ ዋዜማ ላይ ጄኔራል ባራቲየሪ የራሱ ሰላይ አድርጎ የሚያምናቸው ሰው ነበሩ። ልባቸው ግን ከወገን ጋር ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ከሰፈሩ ርቋል የሚል ወሬ ለጣሊያኖቹ አደረሱ ይባላል። ባራቲየሪ በየካቲት 22 ሌሊት ጦሩን ያንቀሳቀሰበት ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ከሮም የሚመጣው ግፊት፣ የስንቅ ማለቅ። ነገር ግን የታመነ አፍ የያዘው ያልታመነ ወሬም የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ በባሻ አውአሎም ብልሃት እንኮራለን፤ ይገባናልም። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ከባራቲየሪ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት። ሰውዬው መሣሪያ አላነሰውም። መረጃም አላነሰውም፤ መረጃ ደርሶታል። ያነሰው «ይህን የነገረኝ ሰው በእርግጥ የማን ነው?» ብሎ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ነው። ዛሬ ማታ ስልካችንን ይዘን ስንቀመጥ ከሁለቱ ማንን ነው የምንመስለው? እኔ ባራቲየሪን እንዳንመስል እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። «ይህ በወሬ ነው እንጂ በእውን ይሆናል?» ለምትሉ፣ ሆኗል።

ድረ ገጽ ስትከፍቱ ጓጉንቸሩ የእውነት የዚያ ድረ ገጽ መሆኑን የሚመሰክሩ ድርጅቶች አሉ። ሥራቸው እኛ ሀገር ውልና ማስረጃ ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል። ውል ስትዋዋሉ «ይህ ሰው ራሱ ነው፣ ፊርማውም የእሱ ነው» ተብሎ ማኅተም እንደሚመታበት፣ እነዚህም «ይህ ቁልፍ የጉግል ነው፣ ይህ ቁልፍ የባንኩ ነው» ብለው ማኅተም ይመታሉ። ብራውዘራችሁ ማኅተሙን አይቶ ያምናል።

ዲጂኖታር የሚባል አንድ እንዲህ ያለ ድርጅት ኔዘርላንድስ ውስጥ ነበር። የሀገሪቱ መንግሥት ራሱ የሚጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ክረምት ጠላፊዎች ገቡበት። ከ500 በላይ የሐሰት ማረጋገጫዎችን በእውነተኛው ማኅተም አተሙ። አንደኛው የጉግል ነበር። በዚያ ማኅተም ኢራን ውስጥ ጂሜይል የሚከፍቱ ሰዎች በመሃል ሰው በኩል እንዲያልፉ ተደረገ። በኋላ ሲመረመር ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች በዚህ ወጥመድ አልፈው ተገኙ፤ አብዛኞቹ ከኢራን ናቸው። የሰዎቹ ስክሪን ላይ የቁልፏ ሥዕል ነበረች። ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር።

እንዴት ታወቀ? ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ኢራናዊ ተጠቃሚ ጂሜይሉን ሲከፍት ክሮም ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ አወጣበት። ክሮም የጉግልን እውነተኛ ቁልፎች አስቀድሞ በውስጡ ይዞ ስለነበር «ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ቁልፉ ግን የማውቀው አይደለም» አለ። ሰውዬው ማስጠንቀቂያውን ዘግቶ ማለፍ ይችል ነበር። እንደ ዱባዩ ልጅ፣ እንደ እኔ፣ እንደ ብዙዎቻችን። አላለፈም። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በይፋ ጠየቀ። በዚያች ጥያቄ ሳቢያ ነገሩ ተጋለጠ፤ ብራውዘሮች በሙሉ የዲጂኖታርን ማኅተም ሰረዙ፤ ድርጅቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ላይ ከሰረ።

አንድ ሰው ጠየቀ። በቃ።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 ካዛኪስታን ውስጥ ሰዎች ኢንተርኔት ለመጠቀም አንድ የመንግሥት ማረጋገጫ ስልካቸውና ኮምፒውተራቸው ላይ እንዲጭኑ ተነገራቸው። ያንን መጫን ማለት በሳጥኑ ምሳሌያችን ለመልእክተኛው «የፈለግከውን ጓጉንቸር አምጣ፣ አምንሃለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ጉግል፣ ሞዚላና አፕል በወሩ ብራውዘሮቻቸው ያንን ማረጋገጫ እንዳይቀበሉ ዘጉት። ትምህርቱ ምንድን ነው? ማንም ይሁን ማን፣ አሠሪህም ይሁን የኢንተርኔት ካፌው ልጅ፣ «ይህቺን ሰርተፊኬት ጫን» ሲልህ መጀመሪያ ለምን ብለህ ጠይቅ።

እሺ፣ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ደስ የሚለው ክፍል እዚህ ጋ ነው፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ጓጉንቸሩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ ብለን እናስብ። መልእክተኛው ሌላ ጓጉንቸር ቢያመጣ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ወንድም ከመቆለፉ በፊት ለእህቱ ይደውልና «ጓጉንቸርሽ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ» ይላታል። ድምጿን ያውቀዋል። ገጠመ? ይቆልፋል። አልገጠመም? መልእክተኛውን ይይዘዋል።

ይህ ቁጥር በኮምፒውተር ቋንቋ የቁልፉ «የጣት አሻራ» ይባላል። ቁልፉ ራሱ በጣም ረጅም ስለሆነ ተጨምቆ በአጭር ቁጥር ይወጣል። ቁልፉ በትንሹም ቢቀየር አሻራው ከሥር መሠረቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የሚባለውን የኢሜይል መቆለፊያ ካወጣ ወዲህ ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው አሻራቸውን ያነጻጽሩ ነበር፤ ከዚያም አንዱ ለሌላው ቁልፍ ይፈርማል። «ይህ ሰው ራሱ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ። ሀገራችን ዋስ እንደሚባለው መሆኑ ነው። የማላውቀው ሰው ሲመጣ፣ የማውቀው ሰው ዋስ ከሆነው እቀበለዋለሁ።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እንዲህ አድርጉ።

ዋትስአፕ ላይ የጓደኛችሁን ስም ነክታችሁ ወደ መረጃው ግቡ፣ «ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ንኩ። አንድ የኪውአር ሥዕልና 60 አሃዝ ቁጥር ይወጣል፤ አምስት አምስት ሆኖ በ12 የተከፈለ። ሲግናል ላይም እንዲሁ 60 አሃዝ የደህንነት ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሁለታችሁ የጋራ ስለሆነ በእሱ ስልክ ላይ የሚታየውና በእናንተ ስልክ ላይ የሚታየው አንድ መሆን አለበት። አጠገባችሁ ካለ አንዱ የሌላውን ኪውአር በካሜራ ያንሳ፤ አለቀ። ሩቅ ከሆነ ደውሉና ተራ በተራ አንብቡ።

እዚህ ላይ ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን በዚያው በምትጠራጠሩት ቻት አትላኩት። መልእክተኛውን «አንተ ሌባ ነህ ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ ምን ይላችኋል ብላችሁ ነው? በሌላ መንገድ ይሁን። በአካል፣ ድምፁን በምታውቁት ስልክ ወይም ፊቱን በምታዩበት ቪዲዮ። ቁጥሩ ራሱ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ቢሰማው ጉዳት የለውም። ዋናው ነገር የሰማችሁት ከባለቤቱ አፍ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም አሃዞች አንብቡ። «የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ገጠሙ፣ ይበቃናል» አትበሉ። አምስት አሃዝ ማለት 100,000 አማራጭ ነው። ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ምንም አይደለም። አምስቱ የሚገጥሙለትን ቁልፍ እስኪያገኝ እየሠራ ይጥላል። ስድሳውን ማስመሰል ግን በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰበሰብ የሚሆን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዘንድሮ ድምፅም በኮምፒውተር ይመሰላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ነገር ጠይቁ። «አያታችን ቤት ያሳደግነው ውሻ ስሙ ማን ነበር?» በሉት። እሱ ከሳቀ ራሱ ነው።

ከዚያ ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና፣ አካውንት ከሚለው ሥር፣ የደህንነት ማሳወቂያውን አብሩት። ካላበራችሁት ኮድ ሲቀየር ላታዩ ትችላላችሁ። አብርታችሁ ስታዩ ደግሞ አትደንግጡ። ኮድ የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ በደህና ነው፤ ሰውዬው ስልክ ቀይሯል ወይም መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኗል። ግን አንዳንዴ ሌባ ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። «ስልክ ቀይረሃል እንዴ?» ብሎ መደወል። በዚያች ማታ አንዳችን ይህን ብለን ደውለን ቢሆን የዱባዩ ልጅ ላብ በሌባ ኪስ አይገባም ነበር።

በነገራችን ላይ ስድስቱን አሃዝ ለማንም አትስጡ። ለማንም! ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም፣ ራሳችሁ የምትመርጡትን ፒን፣ ዛሬውኑ አብሩ። ኮዷ ብትሰረቅ እንኳ ያለ ፒኑ አይገባም።

አሁን ወደ ቴሌግራም። ሀገራችን ቴሌግራም ላይ ነው የምትኖረው፤ ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ። የቴሌግራም ተራ ቻት፣ ግሩፕና ቻናል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። መንገድ ላይ ይቆለፋል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን መክፈቻው የድርጅቱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ለብቻው ስትከፍቱት ነው፤ እሱም የራሱ የቁልፍ ሥዕል አለው፣ ከጓደኛችሁ ጋር ታነጻጽሩታላችሁ። ስትደዋወሉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አራት ኢሞጂ ይወጣል። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ አይደለም፣ የቁልፉ አሻራ ነው። «አንተ ጋ ምን ምን ይታያል? እኔ ጋ ፓንዳ፣ ሎሚ፣ ቤት፣ መርከብ» ብላችሁ ተባባሉ። አራቱም በቅደም ተከተል ከገጠሙ በመሃል ሰው የለም።

አሁን ደግሞ ሐቁን ልንገራችሁ፤ ተስፋ ብቻ ሸጬ መሄድ አልፈልግም። ቁልፍ ማረጋገጥ የማይሸፍነው ነገር አለ።

ስልኩ ራሱ ከተጠለፈ ጓጉንቸሩ ምንም አይረዳችሁም። ሌባው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤታችሁ ውስጥ፣ ደብዳቤውን ስትጽፉ ከትከሻችሁ በላይ ሆኖ እያነበበ ነው። ይህም በእኛው ሰዎች ላይ ደርሷል። የካናዳው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ውጭ ሀገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በዲሴምበር 2013 ሰነድ የሚመስል ፋይል ተልኮላቸው እንደነበርና ፋይሉ ውስጥ ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር እንደነበር አሳይቷል። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ስልክን ማዘመን፣ ያልጠበቃችሁትን ፋይል አለመክፈት፣ ከየትም የተገኘ መተግበሪያ አለመጫን።

«የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውንም ገብታችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የጉግል የደህንነት ባለሙያዎች እንደገለጹት፣ ከሩሲያ ጋር የሚሠሩ ጠላፊዎች የዩክሬን ወታደሮችን በሐሰተኛ ኪውአር ኮድ እያታለሉ የሲግናል አካውንታቸውን ከራሳቸው መሣሪያ ጋር አገናኝተዋል። የሲግናል ምስጠራ አልተሰበረም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሳያውቁ ለጠላት ሁለተኛ መክፈቻ ሰጡት። የማታውቁት ኮምፒውተር ዝርዝሩ ውስጥ ካያችሁ ወዲያው አስወጡት።

እናም ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ምስጢር የለም። ስክሪንሾት የሚያነሳ አንድ ሰው ይበቃል። ይህንን የሚፈታ ሒሳብ እስካሁን አልተፈለሰፈም።

የመጨረሻ ነጥቤ። አንዳንዶቻችሁ «እኔ ምን ምስጢር አለኝ? የሚደብቅ ሰው አጥፊ ነው» ትላላችሁ። ይህ አነጋገር ሀገራችን ውስጥ ሰው አሳስሯል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ ከቀረበባቸው ክስ መሃል ደብዳቤን በኢንተርኔት ላይ ደህንነቱን ጠብቆ ስለመላላክ ሥልጠና መውሰዳቸው አንዱ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ከተንገላቱ በኋላ የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፣ የቀሩትም ከሽብር ክሱ በፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። የወጣትነት ዕድሜያቸውን ግን የመለሰላቸው የለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የሰው ደብዳቤና በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር በግልጽ አስቀምጧል። አባቶቻችን ደብዳቤ በማኅተም ሲያሽጉ ወንጀለኛ ስለሆኑ አልነበረም። ማኅተሙ ለላኪው ክብር፣ ለተቀባዩ ማረጋገጫ ነበር። እኛም የምናደርገው እሱኑ ነው።

ደግሞስ የሚጠበቀው የእናንተ ምስጢር ብቻ ነው እንዴ? ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችሁ የአሠሪዎቿን በደል የምትነግራችሁ በዚያው ስልክ ነው። እናታችሁ የሕክምና ውጤቷን የምትልክላችሁ በዚያው ነው። የታመመው ጓደኛችን ገንዘብም ያለፈው በዚያው ነበር። የእናንተ ቸልተኝነት የሚጎዳው እናንተን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮህኩ።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አምስት ሰው። ዛሬ ማታ የምታምኗቸውን አምስት ሰዎች ስም ጻፉ። እናት ወይም አባት፣ ወንድም ወይም እህት፣ ገንዘብ የምትላላኩት ሰው፣ የልብ ጓደኛ፣ ውጭ ያለ ዘመድ። በሳምንቱ ውስጥ ከአምስቱም ጋር ቁጥሩን አነጻጽሩ። ለእማማ ኪውአሩን እናንተው አንሱላቸው፣ ማሳወቂያውንም አብሩላቸው። «እማዬ፣ ይህ መስመር ከመጣብሽ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ደውይልኝ» በሏት። እያንዳንዳችሁ ለአምስት፣ እነሱም ለአምስት ካስተማሩ የት እንደምንደርስ ቁጠሩት።

የዱባዩ ልጅ ዛሬ ይህን እየሰማ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ስልክ ገዝቼ ነበር። ገና ሲም አስገብቼ ሳልጨርስ ደወለልኝ። «ኮድህ ተቀይሯል፤ አንተ ነህ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «እሺ፣ አንብብልኝ» አለኝ። ስድሳውንም አሃዝ አስነበበኝ፤ አንዲት እንኳ አልዘለለም።

እንደሱ ሁኑ። ሰምታችሁ ዝም አትበሉ፣ ለማያውቅ አሳውቁ። ሀገራችንን ፈጣሪ ይጠብቅልን፤ ስልካችንን ግን እኛው እንጠብቅ። ቸር እንሰንብት!